አልጋ ሥር ያለችው የስፌት መኪና

መጋቢት 4 ቀን 1975
ልብስ አጥቤ ሳሰጣ ጎረቤታችን እትዬ አለሚቱ መጡ። ሳሪስ የሴቶች የልብስ ስፌት ማኅበር ሊቋቋም ነው፤ መዝጋቢዋ እሳቸው ናቸው። የራሷ መኪና ያላት ብቻ ትገባለች።
"የእናትሽ መኪና አለችሽ አይደል?"
"ኧረ ተበላሽታለች" አልኩ።
ደህና መኪና አልጋ ሥር ተቀምጣ... ምን ነካኝ?

መጋቢት 5
ምንም አልነካኝም። ልማድ ነው። ደሴ እያለን እማዬ "ያለሽን ለሰው ዓይን አትስጪ" ትለኝ ነበር። ቀጥሎ ቤት ለቤት የሚፈተሽበት የአሰሳው ጊዜ መጣ፤ አለኝ ያለ ሁሉ ተጠረጠረ። ጤፍ አለሽ? የለም። መርፌስ? የለም። ይህን ትችያለሽ? እኔ የት አውቄ... ድሮ ለሰው ነበር የምለው። አሁን ለራሴም እላለሁ።

መጋቢት 8
ባሌ ጁማ ከአሰብ ገባ። እኔ ለቅሶ ቤት ነበርኩ። ስመለስ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ደረቅ ዳቦ ይገምጣል።
"አሲያን ምሳ ብላት የለም አለችኝ። እኔ መንገድ ስሆን እንዲህ ነው የምትኖሩት?"
ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ድስቱ ሙሉ ወጥ ነው እኮ።
ልጄን ጠራኋት። ለምን ዋሸሽ?
"ሲጠይቁሽ የለም በይ አላልሽኝም?"
"አባትሽ እንግዳ ነው እንዴ?"
ጁማ ሳቀ። እኔ አፈርኩ። ገና ስድስት ዓመቷ ነው፤ አፌን ወርሳለች። በቃ። ይህ ነገር ከእኔ ጋር ያበቃል።

መጋቢት 9
መኪናዋን አወጣሁ። ዘይት ቀባኋት፣ ሮጠች። የጁማን ሸሚዝ ኮሌታ ገልብጬ ሰፋሁ። ምዝገባው ነገ ያልቃል። ዋሽቼ ነበር ብሎ እትዬ አለሚቱ ፊት መቆም... ሞት ነው። ግን እሄዳለሁ።

መጋቢት 10
ሄድኩ።
"ዋሽቼዎታለሁ። መኪናዬ ደህና ናት።"
"አውቃለሁ" አሉ። "ለአረፋ የአሲያን ቀሚስ ስትሰፊ ድምጿ በግድግዳው ይመጣ ነበር። ከራስሽ አፍ እስኪወጣ ነው የጠበቅሁሽ። መስፋትስ በደንብ ትችያለሽ?"
እኔ የት አውቄ... ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር። ዋጥኳት።
"እችላለሁ።"
ስሜን ጻፉ።

ሚያዝያ 2
ማኅበር ከገባሁ ሦስት ሳምንቴ። የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋን ነው። እጄ ፈጣን ነው ይሉኛል፤ "ኧረ ምን" ማለት ትቻለሁ። እሺ ነው የምለው።
ዛሬ ሳፊያ ከማዶ ቤት መጣች። "ስኳር ይኖራችኋል?" አሲያ ቀና ብላ አየችኝ። ከቀበሌ ሱቅ የመጣው ሊያልቅ ነው...
"አለ" አልኩ።
አሲያ ሮጣ ጣሳውን አመጣች። አካፈልናት፣ መርቃን ሄደች። ልጄ ግን ጣሳውን እንዳቀፈች ቆማ ቀረች።
"እማ፣ ሌላስ ምን አለን?"
እጇን ይዤ ቤቱን አዞርኳት። ከመኪናዋ ጀመርን።