ጨርቄን ማቄን

ታኅሣሥ 17፣ 2006 ዓ.ም.

ርዕሰ መምህሩን አስፈቅጄ ለክትትል ጉንደ ወይን ደርሼ መጣሁ። ሚኒባስ ውስጥ የሦስተኛ ክፍል ደብተር ሳርም ነበር። መንገዱ ሲያንገጫግጨኝ ትክክሉንም ኤክስ ሳላደርግበት አልቀረሁም።

አዋላጇ ሂዊ ለካችኝ፣ አዳመጠችኝ። ደኅና ነው አለች። ከዚያ ዝርዝር ጻፈችልኝ። ነጠላ፣ ቀሚስ፣ ፎጣ፣ ሳሙና፣ ሞዴስ፣ ለልጁ መጠቅለያ ጨርቅ። "ከአሁኑ ሻንጣሽን አዘጋጂ። ከጥምቀት በኋላ ምጡን ሳትጠብቂ ነይና ማቆያው ተኚ።" ማቆያው ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ ነው፤ ከሩቅ የሚመጡ እናቶች ቀናቸው እስኪደርስ የሚያርፉበት።

ለእሷ ቀላል ነው። አማቴን እማማ ወለተ ሰንበትን አታውቃቸውም።

ታኅሣሥ 18

አማቴ ክፉ አይደሉም። እዚህ ደብተር ላይ እንኳ መዋሸት አልፈልግም… ግን ላልተወለደ ልጅ ልብስ አይዘጋጅም ባይ ናቸው። "ላልመጣ እንግዳ አይነጠፍም" ይላሉ።

የዛሬ ሁለት ዓመት ለልጄ ቢጫ ኮፍያ ሠርቼ ነበር። ምጡ ሲመጣ "ትንሽ እንጠብቅ፣ እቤቷ ትገላገላለች" አሉ። አንድ ቀን… ሁለት ቀን። በቃሬዛ ጤና ጣቢያ ስደርስ ልጁ በሕይወት አልነበረም። እሳቸው ኮፍያው ነው ይላሉ። እኔ መዘግየቱ ነው እላለሁ። እላለሁ ስል… በሆዴ።

አሁንም "እንጠብቅ" ቢሉኝ እምቢ ማለት እችላለሁ? ፈራሁ። በጣም ፈራሁ።

ታኅሣሥ 19

ሻንጣውን አዩት።

"ደግሞ የት ልትሄጂ ነው?"

"ስልጠና አለ። ከጥምቀት በኋላ፣ ደብረ ማርቆስ… ሁለት ሳምንት።"

ከየት እንደመጣልኝ እንጃ። "በዚህ ሆድ?" አሉ። "ግዴታ ነው" አልሁ።

ባሌ አካለ ወልድ ዲማ ገዳም ቅኔ ያስተምራል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ነው የሚመጣው። ስነግረው በሳቅ ሞተ። "ሰሙ ስልጠና፣ ወርቁ ወሊድ። ምነው ተማሪዎቼ እንዲህ ቢቆጥሩልኝ" አለ። "እንግዲያው ወርቁን ለእናትህ አንተ ፍታላቸው" ስለው ሳቁ ቆመ። ጀግና።

ታኅሣሥ 30

ደብረ ወርቅ ሁለት ሜትር ለስላሳ ጨርቅ ገዛሁ። ነጭ፣ ባለ ትንንሽ አበባ። ቤት ይዤው አልገባ… ትምህርት ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከፈተና ወረቀት ሥር ደበቅሁት። ሌባ መሰልሁ።

ጥር 6

እማማ በሶ አዘጋጁልኝ። "ስልጠና ላይ ምግብ አይጥምም" ብለው። ውሸቴ ስንቅ ተሰነቀለት። አፈርሁ።

ጥር 11

ጥምቀት። እማማ የዘወትር ነጠላቸውን ለብሰው ታቦት ሊያጅቡ ወጡ። "ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ሲባል አልሰሙም? የክቱ ነጠላዎስ?" ብዬ ቀለድሁ።

"አይጥ በላው።"



ጥር 12

መጣሁ። ማቆያው ውስጥ ሆኜ ነው የምጽፈው።

አካለ ወልድ ሻንጣውን ተሸከመ። እማማም "መንገድ ድረስ ልሸኝሽ" አሉ። በእግር አንድ ሰዓት፣ እኔን እየጠበቁ። ሚኒባሱ ቆመ። አንድ እግሬን እንዳነሣሁ… ጨርቁ! ሁለት ሳምንት ያህል የደበቅሁት ጨርቅ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ቀረ። ከራሴም ጭምር ነው ለካ የደበቅሁት።

"ቆይ፣ የረሳሁት ነገር አለ።"

"ምን?" አሉ እማማ።

"ወረቀት… የስልጠናው።"

ሾፌሩ ክላክሱን ያስጮኻል። እማማ ክርኔን ያዙኝ። "ጨርቄን ማቄን አትበይ። ግቢ።" ግንባሬን ሳሙኝ። "ማርያም በሽልም ታውጣሽ፣ ልጄ።"

ከስልጠና በሽልም የሚወጣ ማን አለ? አካለ ወልድን አየሁት። "እኔ አልተናገርሁም" በሚል እጁን አወናጨፈ። በሩ ተዘጋ።

እሳቸው ናቸው "እንጠብቅ" ይሉኛል ያልኋቸው። እሳቸው ናቸው "ግቢ" ያሉኝ።

ጥር 13

ትናንት ደክሞኝ ሻንጣውን ሳልከፍት ተኛሁ። ዛሬ በሶውን ላወጣ ስል ከሥሩ አራት መጠቅለያ። ጥለቱን አውቀዋለሁ። የክቱ ነጠላ… ታጥቦ ታጥቦ ለስልሷል፣ ዳር ዳሩ በእጅ ተሰፍቷል።

አይጡን አወቅሁት።

አለቀስሁ። አጠገቤ የተኛችው ሴት ምጥ መስሏት ሂዊን ጠራችብኝ።

ጥር 20

ዛሬም ምንም የለም። እንደ አባቱ ነው፣ ተለምኖ ነው የሚመጣው።

ጥር 23

ሴት።

ከትናንት ወዲያ፣ በማርያም ዕለት፣ ከቀትር በፊት። ሦስት ኪሎ። ጮኸች… ጩኸቷን ሰማሁት። ያኛው ዝም ብሎ ነበር የመጣው። ሂዊ ስትጠቀልላት እኔ "ትጩኽ፣ ተያት ትጩኽ" እል ነበር አሉ። አላስታውስም።

እማማ ዛሬ መጡ። በክት ነጠላቸው እንደተጠቀለለች ታቀፏት።

"ስልጠናው እንዴት ነበር?"

"አለፍሁ።"

ሳቅ አሉ። ዓይናቸውን ከሕፃኗ ሳያነሡ "ኮፍያው አልነበረም" አሉ። "እኔ ነኝ ያዘገየሁሽ።"

እጃቸውን ያዝሁ። ሁለት ዓመት ሆዴ ውስጥ የነበረው ነገር… ቂም ነበር መሰለኝ… ለቀቀኝ።

ቁም ሣጥን ውስጥ ስለቀረው ጨርቅም ነገርኋቸው።

"ታዲያ አምጪው እንጂ። ለሚቀጥለው ይቀመጥ።"

"ላልመጣ እንግዳ?" አልሁ።

እንዳልሰማ ሆኑ። ሕፃኗን ግን እስካሁን አልመለሱልኝም።