ያልበራችው የኤርባግ መብራት

ማክሰኞ፣ ኅዳር 12 ቀን
ከጠዋቱ አራት ሰዓት

ለምወድህና ለአራት ወር መከራዬን ላሳየኸኝ ልጄ፣

ጤናህ፣ ሥራህ፣ እንቅልፍህ እንዴት ነው? እኛ ደህና ነን። የእናትህ ጉልበት ከሕክምናው ወዲህ ሻል ብሎታል፤ ደረጃ ስትወጣ ብቻ ታማርራለች። ስለ ደረጃው የምለው ብዙ አለኝ፤ ቦታው ሲደርስ እመለስበታለሁ።

የምጽፍልህ ስለ መኪናዋ ነው። በስልክ እንዳልነግርህ «አባዬ ደህና ነኝ፣ ሥራ ላይ ነኝ፣ እደውላለሁ» ብለህ ትዘጋብኛለህ። ደብዳቤ መሐል ላይ አይዘጋም። ስለዚህ ተቀመጥና ከመጀመሪያው ጀምሮ በቅደም ተከተል ስማኝ።

ሚያዝያ ላይ ስትሄድ ቁልፉን እጄ ላይ አድርገህ ያልከኝን ቃል በቃል አስታውሳለሁ። «አባዬ፣ አሮጌ ብትሆንም ንጹሕ ናት። አንድም ቀን ተጋጭታ አታውቅም።» እናትህ አጠገብህ ቆማ የሻንጣህን ዚፕ ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ስለ ግጭት የጠየቀህ ሰው ግን አልነበረም። አርባ ዓመት ያስተማረ ሰው፣ ሳይጠየቅ የሚመልስ ተማሪ ሲያይ ጆሮውን ማቆም ነበረበት። አመለጠኝ።

ከሐምሌ ጀምሮ እናትህን በሳምንት ሁለት ቀን ወደ ጉልበት ሕክምናዋ የማመላልሳት እኔ ነኝ። ከዚያ በፊት የመኪናዋን መመሪያ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። እናትህ ስታየኝ «ፈተናው መቼ ነው?» ትለኝ ነበር። መመሪያው እንዲህ ይላል፦ ቁልፉ ሲዞር ቀይዋ የኤርባግ መብራት ለስድስት ሰከንድ ያህል ትበራና ትጠፋለች። በርታ ከቀረች ችግር አለ። ጭራሽ ካልበራችም ችግር አለ።

ሰዓቴን ይዤ ቁልፉን አዞርኩ። የዘይቷ በራች፣ የባትሪዋ በራች፣ የፍሬኗ በራች። የኤርባጓ ምንም። አሥር ጊዜ ደገምኩት፤ አሥሩንም ጊዜ ምንም። ከፊት በቀኝ በኩል የምትቀመጠው እናትህ ናት። አንድ ነገር ቢገጥመን ከፊቷ የሚነፋ ከረጢት ይኑር አይኑር ሳላውቅ እንዴት ልቤ አርፎ ልንዳ?

መጀመሪያ የሄድኩት ሰፈሩ «ዶክተሩ» የሚለው መካኒክ ዘንድ ነው፤ ያ ጠመንጃ መፍቻውን ጆሮው ላይ ደግኖ ሞተር የሚያዳምጠው።

«መብራት በራብዎት?» አለኝ።

«አልበራም።»

«ታዲያ ምን ሊሆኑ መጡ ጋሼ? ሰው በራብኝ ብሎ ይመጣል እንጂ አልበራም ብሎ ይከሳል?»

«ስድስት ሰከንድ መብራት አለባት እኮ።»

«ያላመመውን ሰው ሐኪም ቤት አይወስዱትም ጋሼ።»

እጁን የማያወጣ ተማሪ ሁሉ ትምህርቱ ገብቶታል ማለት እንዳልሆነ አስረዳሁት። «እኔም እጄን አውጥቼ አላውቅም» ብሎ ሳቀ። አየሁት፤ እውነቱን ነው።

ሁለተኛው ሰውዬ የመመርመሪያ መሣሪያ አለኝ ብሎ አንድ ሙሉ ቀን አስጠበቀኝና፣ መሣሪያው ለአዳዲስ መኪና እንጂ ለእንዲህ ያለች አሮጊት እንደማይሠራ አመሻሹ ላይ ነገረኝ። ጠዋት ስገባ መኪናዋን ቆሞ ሲያያት ነበር። ዕድሜዋን ያኔ መገመት አይችልም ነበር?

በዚህ ሁሉ መሐል እናትህ ሰላም አልሰጠችኝም።

«አንተ ሰውዬ፣ ተዋት። አውቶቡስ ኤርባግ አለው?»

«አውቶቡስ አለኝ ብሎ አልዋሸኝም።»

«አንተ ደግሞ በሠላሳ ነው የምትነዳው። በእግሩ የሚሄደው ሰው እየቀደመን ምን ሊነካን ነው?»

ዳሽቦርዱ ላይ ያለበሰችውን ወፍራም ግራጫ ጨርቅ አንስቼ ከስሩ ልይ ስላት ደግሞ ብድግ አለች። «እንዳትነካው! በስንት ልፋት ነው ልክ ያስገባሁት። ፀሐይ ይሰነጥቀዋል።» አልነካሁትም። እርግጥ አሰፋፏ እንደ ሱሪ ልክ የገባ ነው። ፀሐዩን የፈራች መስሎኝ ነበር።

ሦስተኛዋ ከዋናው መንገድ ጀርባ፣ አንዲት መኪና ብቻ በምታስገባ ጋራዥ ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ የምትሠራ ሴት ናት። ገና ከበሩ ሳልገባ «ቲቸር!» አለችኝ። ሰባተኛ ክፍል አስተምሬያታለሁ፤ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ በግራ እጇ ትጽፍ የነበረችው ናት። አሁንም መፍቻ የምትይዘው በግራዋ ነው። ችግሩን ስነግራት አልሳቀችም። የፍጥነት መለኪያውን ሰሌዳ ነቅላ አየችና «አምፖሏ የለችም። ሰው አውጥቷታል» አለች።

ሌላ አምፖል ገባላት። ቁልፉን አዞርን። በራች፣ ስድስት ሰከንድ አለፈ፣ አልጠፋችም። ልጄ፣ ያኔ ደስ ብሎኝ ነበር። ቢያንስ አንድ እውነት የሚናገር ነገር መኪናዋ ውስጥ ተገኘ።

«በእነዚህ አሮጌዎች ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት አንዱ ነው ቲቸር» አለችኝ። «ወንበሩ ወዲህና ወዲያ ሲል ከስሩ ያለው የሽቦ መያያዣ ይላላል። ወይ ደግሞ ከመሪው ስር እንደ ሪባን የተጠቀለለው ሽቦ ይበጠሳል፤ እሱ ሲሄድ ክላክሱንም ይዞት ይሄዳል። ወይ ኮምፒውተሯ ግጭት መዝግባለች።»

ክላክሷ ትጮሃለች፤ ስለዚህ ሪባኑ ተሰረዘ። ከወንበሩ ስር በእርግጥም መያያዣው ላልቶ ተገኘ። እናትህ ጃንጥላዋን እዚያ ትወሽቃለች፤ ስንት ጊዜ ተናገርኩ! ተጠበቀ፣ አንድ ስህተት ጠፋ። መብራቷ ግን እንደበራች ነች።

«ቲቸር፣ ተጋጭታ ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

«ማን አለ?»

«ልጄ።»

እጇን በጨርቅ ጠረገች። «ይቺ ኮምፒውተር አትረሳም።»

«ልጄም አይዋሽም» አልኳት። ይህን አረፍተ ነገር ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው ያልኩት። አላፊ አግዳሚው ሳይሰማ አልቀረም።

ባትሪውን ነቅላ አሥር ደቂቃ እንድንቆይ አደረገች፤ ውስጡ የቀረ ኃይል ኤርባጉን ሳይታሰብ ሊያፈነዳው ይችላል አለች። በአራት ወር ውስጥ መጠበቅ የሚያውቅ ሰው ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ከዚያ የመሪውን ክዳን ከፈተች። ባዶ ነው። ሁለቱ ሽቦዎች መሐል ከሩዝ ፍሬ እምብዛም የማትበልጥ ነገር ተበይዳለች። ኮምፒውተሯ «ኤርባጉ በቦታው አለ» ብላ እንድታምን የተደረገ ማታለያ ነው። ዘበኛው ከሄደ በኋላ ኮቱን ወንበር ላይ እንደ ማንጠልጠል ነው በለው። ማታለያው አልሠራ ሲል ደግሞ አምፖሏን አወጧት።

ቀጥሎ የእናትህ በኩል። ግራጫውን ጨርቅ በገዛ እጄ ገፈፍኩት። ከስሩ ያለው የዳሽቦርድ ክዳን ከመሐሉ ተሰንጥቆ በናይለን ክር ተሰፍቷል። ጥቃቅን፣ እኩል በእኩል የሆነ ስፌት ነው።

«እንዴ! ይሄን የሰፋው ሰው እጁ ይባረክ!» አለች ኤሌክትሪሺያኗ። «መካኒክ አይደለም ቲቸር። መካኒክ እንዲህ አይሰፋም።»

ክሩን በምላጭ ቆርጣ እጇን ሰደደች። ኤርባግ የለም። ክዳኑ እንዳይሰምጥ ተብሎ ስምንት ቦታ የታጠፈ ጨርቅ ተጠቅጥቆበታል። ጎትታ አወጣችውና አራገፈችው። አረንጓዴ፣ ነጫጭ ቅጠል ያለበት።

መኝታ ክፍልህ ውስጥ ያንን መጋረጃ የሰቀልኩት እኔ ነኝ። ዘንጉ እንዳይዘም በውሃ ልክ ለክቼ፣ ሁለት ጊዜ አውርጄ ነው የሰቀልኩት። እናትህ «ለሰው ሰጠሁት» ብላኝ ነበር።

እዚያው የነበረ ጎማ ላይ ተቀመጥኩ።

«ቲቸር፣ ውሃ ላምጣልዎት? ጨርቁን ያውቁታል እንዴ?»

«መስኮቱን አውቀዋለሁ» አልኳት።

ቤት ስገባ መጋረጃውን የእናትህ የስፌት መኪና ላይ አኖርኩት። መነጽሯን አወለቀች። «አገኘኸው» አለች። «አገኘሁት» አልኳት። ከዚያ ሁሉንም ነገረችኝ። ዓምና መስከረም ነው። በመኪና ስትሄዱ እሷ ሱቅ ውስጥ የተሰቀለ ጨርቅ አይታ «እየው፣ እየው» ብላ እጇን ዘረጋች፤ አንተም ዞር ብለህ አየህ፤ ከመብራት ምሰሶ ጋር ተላተማችሁ። ሁለቱም ኤርባጎች ፈነዱ። የተዘረጋ እጇን መትቶ አንጓዋን የሰበረው እሱ ነው፤ ፊቷን ከመስተዋቱ ያተረፈላትም እሱ ነው። እኔ እቤት ቁጭ ብዬ ሬዲዮ ስሰማ እናትህን ከሞት ያተረፋት አንድ ከረጢት ነው። ይህን ለማወቅ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ፈጀብኝ።

አሁን ስለ ደረጃው።

ያኔ አንጓዋ ምን እንደሰበረው ስጠይቃት «ደረጃው አንሸራተተኝ» ነበር ያለችኝ። እኔ ጅሉ ምን አደረግሁ? አሥራ አራቱንም ደረጃ አስፈረስኩ። እያንዳንዱን አሥራ ሰባት ሳንቲሜትር ለክቼ አስደገምኩ። የብረት መደገፊያ አስበየድኩ። ይህ ሁሉ ሲሆን አንተ ሲሚንቶ ስታቀብለኝ ነበር! ዓይን ዓይኔን እያየህ፣ ሲሚንቶ! «ቀለም ላስቀባት ነው» ብለህ መኪናዋን አሥር ቀን ያጠፋሃትም ያኔ ነው። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ከታች ያለችው አዋላጅ ጎረቤታችን ነገር ነው። የሥራ ልብሷን አጥባ የሳሙና ውሃ ደረጃው ላይ ደፍታለች ብዬ፣ ሰው እየሰማ ተናገርኳት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰላም አንባባልም። እናትህ ስታየኝ ዝም አለች። አንተም ዝም አልክ። ያ ደረጃ አንድም በደል የለበትም። እሷም የለባትም።

እናትህን ጠየቅኳት። «እሺ፣ እሱስ ልጅ ነው፣ ፈራ። አንቺ መጋረጃ ፊት ለፊት ሠላሳ አራት ጊዜ ስትቀመጪ ምን ነክቶሽ ነው?»

«ለጉዞው የቀረው ጥቂት ወር ነበር» አለች። «‹አባዬ ከሰማ እስክሄድ ድረስ ፊቱን ቀና ብዬ ማየት አልችልም› አለኝ። አሳዘነኝ።»

«ይቅር አልልም ብላችሁ ነው?»

«ይቅርማ ትላለህ። ግን መጀመሪያ ታርማለህ። ልጁ እዚያ ሄዶ የጻፈልህን ሁለት ደብዳቤ ምን አደረግሃቸው?»

ያደረግኳቸውን ታውቃለህ። በቀይ እስክሪብቶ አርሜ መልሼ ላክሁልህ። ነጥብ የተዘለለበትን፣ ቃል የተደገመበትን ሁሉ። የሚጠቅምህ መስሎኝ ነው። ሦስተኛ ደብዳቤ አልመጣም። እኔም የፖስታው ጥፋት ነው ብዬ ሁለት ጊዜ ሄጄ ጠየቅኋቸው፤ መስኮቱ ላይ የተቀመጠው ሰውዬ ሲያየኝ አሁን ፊቱን ያዞራል።

ተናድጃለሁ ልጄ። አልደብቅህም። ይህን ስጽፍ እንኳ ሁለት ወረቀት ቀድጃለሁ። ያናደደኝ ምሰሶው አይደለም፤ ምሰሶ ማንንም ይገጥማል። እናትህን በገዛ እጄ፣ በየሳምንቱ፣ ቀበቶዋን «አጥብቂ» እያልኩ መጋረጃ ፊት ማስቀመጤ ነው። ይህን ደግሞ ለብቻህ ተሸከመው አልልህም፤ ቀዩ እስክሪብቶም ድርሻ አለው።

አሁን የሆነውን ላሳውቅህ። ትናንት የአዋላጇን በር አንኳኳሁ። ከፈተችና ቆማ ሰማችኝ። ስጨርስ «ደረጃው ግን ያምራል» አለችኝና ሳቀች። ከዚያ «ልጅዎን ሰላም ይበሉልኝ፤ ጥፋተኛ ነህ ይበሉት» አለች። ብዬሃለሁ።

ለመኪናዋ ትክክለኛዎቹ ዕቃዎች ታዝዘዋል፤ ጊዜ ይወስዳሉ። እስከዚያ ወደ ሕክምና የምንሄደው በአውቶቡስ ነው። እናትህ አጠገቤ ተቀምጣ «ኤርባጉ የታለ?» እያለች በክርኗ ትጎሽመኛለች። ኤሌክትሪሺያኗ «ዕቃው እስኪመጣ መብራቷን ላጥፋልዎት? ታስጠላዎታለች» ብላኝ ነበር። ተያት፣ ትብራ አልኳት። መኪናዋ ባዶ መሆኗን የምትናገረው እሷ ብቻ ነች።

አንተም እዚያ የምትነዳት መኪና ካለች ነገ ጠዋት ቁልፉን አዙርና ቁጠር። ስድስት። ውጤቱን ጻፍልኝ። በዚያው ደግሞ የመስከረሙን ቀን በራስህ አፍ፣ እንደመጣልህ ጻፍልኝ። ነጥብ ብትዘል፣ ቃል ብትደግም፣ መስመር ብታጣምም ግድ የለም። ቀዩን እስክሪብቶ ለእናትህ ሰጥቻታለሁ፤ ጨርቅ ከመቁረጧ በፊት ምልክት ታደርግበታለች።

መጋረጃውን አጥባ፣ የተቀደደውን ጠርዝ ሰፍታ መልሳዋለች፤ መስኮትህ ላይ ሰቅዬዋለሁ። የስምንቱ እጥፋት ምልክት በካውያም አልለቀቀም። ዘንጉም በአንድ በኩል ዘንበል ብሏል። አይቼዋለሁ፤ ትቼዋለሁ።

በምትሄድበት መንገድ ሁሉ ፈጣሪ ከፊትህ ይቅደም። እጅህ የነካው ይቅናህ፣ ከክፉ ዓይንና ከምሰሶ ይሰውርህ። እናትህ ሁለቱን ጉንጮችህን ስማለች፤ አንጓዋ አሁን ደህና ነው፣ ይህን ንገረው ብላኛለች።

ደብዳቤህን የሚጠብቅ፣
አባትህ