ወይዘሮ የሺ ዘውገ፦ አሥራ አንዳችንን ለሱቅ ያበቁ እናት

ወይዘሮ የሺ ከአባታቸው ከአቶ ዘውገ ኃይለ ማርያምና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፋንታዬ ደምመላሽ በ1950 ዓ.ም. በጥቅምት ወር በዝዋይ ሐይቅ በፀዴቻ ደሴት ተወለዱ። ቀኑን ቤተሰቡ በትክክል አልያዘውም፤ እሳቸው ግን ሲጠየቁ ደስ ያላቸውን ቀን ይሰጡ ነበር።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በደሴቱ ፊደል ቆጥረው፣ ዝዋይ ከተማ ዘመድ ቤት ተቀምጠው እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምረዋል። ለዕረፍት በተመለሱ ቁጥር ከእናታቸው ጋር ከሐይቁ ዳር ፊላ እያጨዱ ጅባ የሚባለውን ምንጣፍ ይሠሩ ነበር። ወይዘሮ ፋንታዬ በየዓመቱ ከአንዱ ዳር ብቻ ያጭዱና ሌላውን ያሳርፉት ስለነበር ፊላው ጠፍቶባቸው አያውቅም።

በ1967 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ መጥተው መርካቶ፣ ሰባተኛ በሚባለው ሰፈር አክስታቸው ቤት ተቀመጡ። እዚያው መርካቶ ምናለሽ ተራ በሚገኘው በሐጂ ጃፋር የምንጣፍና የገመድ ሱቅ ተቀጥረው አሥራ ሰባት ዓመት ሠሩ። በ1970 ዓ.ም. አውቶቡስ ተራ በመካኒክነት ይሠሩ ከነበሩት ከአቶ ምንይሉ ቃሊ ጋር ጋብቻ መሥርተው ልጃቸውን ኤልሳቤትን ወለዱ። አቶ ምንይሉ በ1989 ዓ.ም. በሞት ተለይተዋቸዋል።

በ1984 ዓ.ም. እዚያው ምናለሽ ተራ የራሳቸውን ሱቅ ከፍተው የደሴቱን ጅባ መሸጥ ጀመሩ። ከ1990 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የደሴቱን ወጣቶች እያስመጡ ለንግድ ማብቃት ያዙ። የመጀመሪያው እኔ፣ የወንድማቸው ልጅ ይሄይስ ነበርኩ። ለማንም በእጁ መነሻ ገንዘብ አይሰጡም። ሦስት ወር አጠገባቸው ያስቀምጡና በራፋቸው ላይ ጥቂት ጅባ ዘርግተው ያሰማሩታል። ከመካከላችን ጠዋት ገበያ ያልቀመሰ ካለ የራሳቸውን ሱቅ አይከፍቱም ነበር። ጎረቤቶቻቸው በዚህ ይስቁባቸዋል፤ እሳቸውም የሚመልሱት አያጡም። ቁጡ ነበሩ፤ ይህን ብደብቅ የሚያውቋቸው ሁሉ ይታዘቡኛል። እንዲህ አድርገው አሥራ አንዳችንን ባለሱቅ አደረጉን።

ስህተታቸውንም እናገራለሁ፤ እሳቸው ራሳቸው አልደበቁትምና። ወጣት ዓይናቸው ሥር ካልሆነ ሥራ የሚለምድ አይመስላቸውም ነበር። ስለዚህ ጅባ የሚሠራውን እጅ ከደሴቱ እያነሱ መርካቶ አመጡት። እኛ ሻጮቹ በዛን፤ ከሐይቁ የሚላከው ጅባ ግን በየዓመቱ እያነሰ ሄደ። የምንሸጠው ሲያጥረን የፕላስቲክ ምንጣፍ አስገባን። ቀላል ነበር፤ ገበያውም ደህና ነው።

በ2011 ዓ.ም. አሥራ አንዳችንንም ቤታቸው ሰበሰቡን። «ነጋዴስ አደረግኋችሁ፤ አገራችሁን ግን እጅ አሳጣኋት። ጥፋቱ የእኔ ነው። አንዳችሁ ተመለሱና ልጆቹን እዚያው ሥራ አስጀምሩልኝ» አሉን። ከዚያም ወደ እኔ ዞሩ። እኔም ከፋሲካ በኋላ እሄዳለሁ አልኳቸው። ፋሲካው አለፈ። በሚቀጥለው ዓመትም፣ ከዚያ በኋላ ባለውም ያንኑ አልኩ። ሱቄን ለማን ልተወው እያልኩ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ግን የመርካቶ ኑሮ ጥሞኝ ነው።

በ2014 ዓ.ም. መጠየቁን ተዉትና በስልሳ አራት ዓመታቸው ራሳቸው ሄዱ። በደሴቱ ስድስት ወጣቶች ሰብስበው ጅባ አሠራር አስተማሩ፤ ፊላውንም እንደ እናታቸው ዳር ከዳር እያፈራረቁ እንዲያጭዱ አስለመዷቸው። ወጣቶቹ ሥራውን ይዘው ነበር፤ የጎደላቸው ገበያውን የሚያውቅ፣ አብሯቸው የሚቆም ሰው ነበር። በ2016 ዓ.ም. የኩላሊት ሕመም ሲጠናባቸው ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። ለስድስቱም ይሄይስ ይመጣል ብለዋቸው ነበር። አልሄድኩም። አራቱ ተስፋ ቆርጠው ተበተኑ፤ ሁለቱ ቀሩ።

ወይዘሮ የሺ ከሁለት ዓመት ሕክምና በኋላ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በስልሳ ስምንት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል። አስከሬናቸው በአገራችን ልማድ በጅባ ይጠቅለል ሲባል፣ አሥራ አንዳችን ምንጣፍ ነጋዴዎች ሱቃችንን ከፍተን ፈለግን። አንድም አላገኘንም። ከሌላ ሰው ሱቅ ሰሌን ገዝተን ጠቀለልናቸው። እህቴ ኤልሳቤት ስንጠቀልል ቆማ አየችን፤ ብትቆጣን ይሻለን ነበር።

ወይዘሮ የሺ የአንዲት ሴት ልጅ እናትና የሦስት የልጅ ልጆች አያት ነበሩ። በደሴቱ የቀሩት ሁለቱ ወጣቶችም ሐይቁን ተሻግረው መጥተው ዛሬ ከቀባሪው መካከል ቆመዋል። እስካሁን ቀርቤ አላነጋገርኳቸውም።

በእንዲህ ያለ ጽሑፍ መጨረሻ የሟችን ሥራ እናስቀጥላለን ብሎ ቃል መግባት የተለመደ ነው። እኔ ለእሳቸው ስንት ጊዜ ቃል እንደገባሁ የምታውቁ እዚህ ስላላችሁ፣ ዛሬ አፍሬ ትቼዋለሁ። አምላክ የደከሙበትን ቆጥሮ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን። እትዬ የሺ፣ እኔን ይቅር ይበሉኝ።