ባለቤቴ ከፍሪጁ ላይ ሆኖ ያመሰግንዎታል

ለክቡር አቶ ሲት ዊንግሁንግ
የነጭ ጥድ የሙታን አመድ ማሳረፊያ ሥራ አስኪያጅ
ሆንግ ኮንግ

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ በተለይም በእኛ አነጋገር አሽቃባጭ ሁሉ የሚሸከመው ያ ትልቅ እግርዎ፣ ደህና እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ባለቤቴ ታም ኩዋይሲንግም ከሞተ አራት ዓመት ቢሆነውም ደህና ነው፤ አመዱ በማሰሮ ሆኖ ፍሪጃችን ላይ ተቀምጦ፣ ከግድግዳዎ አንዲት ሳጥን እስክትደርሰው ተራውን ይጠብቃል። በአደባባይ የምጽፍልዎት ለማመስገን ነው።

፩ኛ፦ «ቀጣዮቹ እናንተ ናችሁ» በተባልን በሳምንቱ፣ ማክሰኞ የሞቱት የባለ ምግብ ቤቱ የአቶ ፉንግ አጎት ዓርብ ባሕሩን በሚያየው ረድፍ ስላረፉ እንኳን ደስ አላቸው። ጸሐፊዎ ወይዘሪት ሙይም በሹክሹክታ አስረድታኛለች፦ «እማማ፣ እኔ ምን ላድርግ? አቶ ፉንግ እኮ የራሳችን ሰው ናቸው፤ ፊት ካልሰጠናቸው ይቀየሙናል። እርስዎም የሚያናግርልዎት ሰው ይፈልጉ እንጂ!»

፪ኛ፦ በሰባ አንድ ዓመቴ ቋንቋዬን እንደገና ስላስተማሩኝ። እኛ ሰፈር «ፊት ስጠኝ» የሚባለው ሰው ለሠርግ ሲጠራ፣ መጥተህ አክብረኝ ለማለት ነበር። «አንዲት ፈረስ ልቀቁልኝ» ብሎ ለዛሬ ማሩኝ የሚለውም ቅጣት የፈራ ሾፌር ነበር፤ በእርስዎ ግቢ ግን ፈረሱ ሁልጊዜ በጓሮ በር ነው የሚለቀቀው።

፫ኛ፦ ዘንድሮ በመቃብር ጠረጋ ቀን ጎረቤቶቼ የተጠበሰ አሳማና ብርቱካን ይዘው ወደየሙታናቸው ሲወጡ፣ እኔ ወንበር ላይ ቆሜ ፍሪጅ ጠረግሁ። አልዋሽዎትም፣ አልቅሻለሁ። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ ይባላል፤ እነሆ አህያዋ ከአመዷ ጋር ቤቷ ቀርታለች።

ባለቤቴ ሠላሳ ዓመት የሚኒባስ ተራ አስከባሪ ነበር። አንድ ቀን የገዛ ወንድሜ ከፊት ሊገባ ቢል «አማቼ፣ የሰልፉ ጭራ ወዲያ ነው!» ብሎ መለሰው። ወንድሜ ስድስት ወር አኮረፈን፤ እኔም «ለዘመድ ፊት የማይሰጥ ደረቅ!» ብዬ ባለቤቴን ሰደብኩት። ይቅርታ የጠየቅሁት ከቢሮዎ በተመለስኩ ዕለት ነው፣ ወደ ፍሪጁ ቀና ብዬ።

የማንም ሰው ያልሆነችው፣ ትልቅ እግር መሸከሚያ ትከሻ የሌላት አክባሪዎ፣
ፑን ሳውላን

ማሳሰቢያ፦ ረጅም ዕድሜ ይስጥዎት። ሆኖም እርስዎም መሄድዎ አይቀርምና፣ ከወዲያኛው ዓለም በር ላይ ሰልፍ ካለ ተራ የሚያስከብረውን ሰው ከአሁኑ ይወቁት። አጭር ነው፤ አንገቱ ላይ ፊሽካ አለ። የማን ሰው እንደሆኑ ባይነግሩት ይሻልዎታል።