ለአቶ መድኅን የሚወርደው ምሰሶ

ሎንዶን፣ ሆሎዌይ
ቅዳሜ ጠዋት

ለተከበሩ የሰፈራችን ካውንስል የመንገድ፣ የጸጥታና የመኪና ማቆሚያ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ካሉበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለ ማቅረብ፣ እንዲሁም ሰኞ ጠዋት ለሩብ ሰዓት ያህል መንገድ እንዲከፈትልን ስለ መጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ለእርስዎም፣ ለኮሚቴው አባላትም፣ ለየቤተሰቦቻችሁም ሙሉ ጤና እመኛለሁ፤ ይህን የምለው ለደብዳቤ ወግ ብቻ አይደለም፤ በዚህ ሰፈር መታመም ምን ያህል ወረቀት እንደሚጠይቅ ስላየሁ፣ እንኳን ለእናንተ ለማንም አልመኘውም።

በአማርኛ መጻፌ እንዳያስከፋዎ። በየደብዳቤያችሁ ግርጌ በአሥራ ሁለት ቋንቋ ከተደረደሩት መስመሮች አንዱ «በራስዎ ቋንቋ ሊጽፉልን ይችላሉ» ይላል። በእንግሊዝኛ አራት ጊዜ ጽፌ አራት ጊዜ «መልእክትዎ ደርሶናል» የሚል ምላሽ ስላገኘሁ፣ ምናልባት ጥፋቱ የእንግሊዝኛዬ ይሆናል ብዬ ግብዣችሁን ተቀብያለሁ። አንዱ ቅጂ ዛሬውኑ በሰው እጅ ለእናንተ ይላካል፤ ሌላው ሆሎዌይ ሮድ ካለው የሐበሻ ሱቅ መስታወት ላይ ይለጠፋል። አገር ቤት ሳለሁ በአንድ መሥሪያ ቤት ዘጠኝ ዓመት የጽሕፈት መኪና ስመታ ኖሬያለሁና፣ ፋይል ሲጠፋ እንዴት እንደሚጠፋ፣ አለቃ «ጉዳዩ እየታየ ነው» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ስለዚህ እንደ ባዳ አትዩኝ።

እኔ ወይዘሮ ኂሩት ደግፌ በፕላም ክሎዝ ቁጥር አሥራ አንድ ከባለቤቴ ከአቶ ገብረ መድኅን ዘውዴ ጋር ሃያ ሁለት ዓመት ኖሬያለሁ። ባለቤቴ ኩላሊቱ ሥራ ካቆመ ሁለት ዓመቱ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ፣ የሆስፒታል መኪና ከደጃፋችን እያነሣው ለኩላሊት እጥበት ይሄድ ነበር። «ነበር» ያልኩት ትናንት ዓርብ ስላልሄደ ነው።

ቁልፍ ተረክበን የመጣን ዕለት፣ ባለቤቴ ከመንገዱ አፍ ላይ «ፕላም ክሎዝ» የሚለውን ሰሌዳ ሲያይ መንገዱ ዝግ ነው ብሎ፣ ዕቃ የጫነችውን መኪና አዙሮ ሰፈሩን ሦስት ጊዜ ዞረ። በኋላ አንድ ፖስተኛ «ክሎዝ» ማለት በሌላ በኩል መውጫ የሌለው መንገድ ማለት እንጂ ዝግ ማለት እንዳልሆነ ነገረንና ስንስቅበት ኖርን። ከስድስት ሳምንት በፊት ኮሚቴያችሁ በዚያች ብቸኛ አፉ ላይ ሁለት ትልልቅ የአበባ ሣጥኖችና በመካከላቸው አንድ የብረት ምሰሶ ስለተከለበት፣ ባለቤቴ መጀመሪያውኑ በትክክል አንብቦ እንደነበር ተረጋግጧል። ስለዚህ እርምት ከልብ እናመሰግናለን።

አቤቱታዎቼን በየተራ እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

፩ኛ. ስለ መንገዱ። ከቤታችን ፊት ለፊት ያለውን ጉድጓድ በነጭ ቀለም ስለከበባችሁልን እናመሰግናለን። ሦስት ዓመት ሆኖታል። ቀለሙ በየዓመቱ ይታደሳል፣ ጉድጓዱ በሰፋ ቁጥርም ክቡ አብሮ ይሰፋል፤ እንዲህ ያለ ክትትል በሌላ ሰፈር መኖሩን እጠራጠራለሁ። ባለቤቴን በተሽከርካሪ ወንበር ስገፋ በክቡ ዙሪያ እዞራለሁ። ለሌላ ጊዜ ይቆየን።

፪ኛ. ስለ ወንጀል። ምሰሶው የተተከለው በሞተር ሳይክል እየመጡ ስልክ የሚነጥቁትን ልጆች ለማስቀረት መሆኑን በላካችሁት ባለ ቀለም ወረቀት ላይ አንብቤ ደስ ብሎኝ ነበር። በአበባ ሣጥኑና በግድግዳው መካከል የቀረው ክፍተት ግን ለሞተር ሳይክል ይበቃል፣ ለተሽከርካሪ ወንበር በሁለት ጣት ይጠባል። የፖሊስ መኪና ስለማይከተላቸው አሁን ልጆቹ ነጥቀው የሚሸሹት ወደኛ ውስጥ ሆኗል። ጎረቤቴ ወይዘሮ አስያ ባለፈው ሳምንት ይህንኑ ልትነግራችሁ ስልክ ደውላ፣ «ጥሪዎ ለእኛ ትልቅ ዋጋ አለው» የሚለውን ሙዚቃችሁን እያዳመጠች ሳለ ስልኳን ከጆሮዋ ላይ ነጠቋት። ምናልባት ሌባው እስካሁን መስመር ላይ ካለ መልስ እንዲሰጡት በትሕትና እጠይቃለሁ።

፫ኛ. ስለ መግቢያ ፈቃድ። አራተኛም ነበረኝ፤ ይኸኛው ሁሉንም ስለዋጠው ትቼዋለሁ።

ምሰሶው ወደ መሬት የሚወርደው ከጎኑ ያለው ካሜራ የተመዘገበ የመኪና ሰሌዳ ሲያነብ ነው። ነዋሪ የራሱን መኪና ያስመዘግባል፤ የሆስፒታል መኪና የሚመዘገበው ደግሞ በታማሚው ስም ነው፤ ታማሚውም በመዝገባችሁ ያለ ነዋሪ መሆን አለበት። እስከዚህ ድረስ ሕጉ ጥሩ ነው። ችግሩ ባለቤቴ ሐበሻ መሆኑ ነው።

እኛ ዘንድ ሰው የሚጠራው በገዛ ስሙ ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣው የአባቱ ስም ነው፤ የቤተሰብ ስም የሚባል የለንም፤ ሴትም ስታገባ አባቷን አትለውጥም። የባለቤቴ ስም ገብረ መድኅን ነው፤ በሁለት ቃል ቢጻፍም አንድ ስም ነው። ከሠላሳ አምስት ዓመት በፊት በስደት ሲገባ፣ አንድ ጸሐፊ ስሙን ከመካከሉ ቆርጦ «ገብረ» የራሱ፣ «መድኅን» የቤተሰቡ ብሎ መዘገበው፤ የቤታችንም ውል በዚያው ተጻፈ። በኋላ ፓስፖርት ሲያወጣ ስሙ ስለተስተካከለ፣ ሆስፒታሉ «ሚስተር ዘውዴ» እያለ በአባቱ ስም ይጠራዋል። እናንተ ዘንድ ግን እስከ ዛሬ «ሚስተር መድኅን» ነው። መድኅን በቋንቋችን አዳኝ ማለት ነው፤ «ገብረ» ሲጨመርበት የአዳኙ አገልጋይ ይሆናል። ኮሚቴው አገልጋዩን ትቶ የመግቢያ ፈቃዱን ለአዳኙ ለራሱ ሰጥቷል። ሲያንሰው ነው እንጂ አይበዛበትም፤ ነገር ግን እስከማውቀው ድረስ አዳኙ መኪና የለውም፣ ኩላሊቱንም አያመውም።

እንግዲህ ጉዳዩ ይህ ነው፦ መግባት የተፈቀደለት አቶ መድኅን ጤነኛ ነው፤ የታመመው አቶ ዘውዴ ደግሞ በፕላም ክሎዝ የማይታወቅ ሰው ነው። የሆስፒታሉ ሹፌር ጀሚል፣ የአገራችን ልጅ ነው፣ ከምሰሶው ወዲያ ቆሞ «እትዬ ኂሩት፣ ሲስተሙ ሪጀክት እያደረገኝ ነው፤ በዚህ አድሬስ ዘውዴ የሚባል ሰው የለም ይላል፤ እስቲ አንቺ ቼክ አድርጊው» ብሎ ሲደውልልኝ፣ ዘውዴ የለም የተባለው አጠገቤ ካፖርቱን እየቆለፈ ነበር።

እኔም በየዋህነት ጻፍኩላችሁ። መድኅን የተባለውም ዘውዴ የተባለውም አንድ ባለቤቴ ነው፣ መዝገቡ ይስተካከል አልኩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ መዝገቡ ተስተካከለ፤ አቶ መድኅን ሳይሰረዝ አቶ ዘውዴ ተጨመረ። አሁን በቤታችን ሦስት የማይዛመዱ ሰዎች እንደሚኖሩ፣ ቤቱም ያለ ፈቃድ የተከራየ መሆን አለመሆኑ እየተጣራ ስለሆነ፣ ማጣራቱ እስኪያልቅ የሆስፒታሉ መኪና ጥያቄ እንዳይታይ መታገዱን የሚገልጽ ደብዳቤ ደረሰኝ። አርባ አንድ ዓመት በቁርባን የኖርኩ ሴት፣ በስድሳ ስምንት ዓመቴ፣ ከሁለት ባዕድ ወንዶች ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር የምኖር ተብዬ ተመዘገብኩ። የንስሐ አባቴ ይህን ከሱቁ መስታወት ላይ ከማንበባቸው በፊት እኔው ብነግራቸው ይሻላል ብዬ ነገርኳቸው፤ እሳቸውም በጸሎት እንደሚያስቧችሁ ነግረውኛል።

በዚህ መካከል አምስት ሳምንት ጀሚል መኪናውን ዋናው መንገድ ዳር እያቆመ፣ በእግሩ ይመጣ ነበር። ወንበሩን አጥፎ ይሸከማል፤ እኔ ባለቤቴን እይዛለሁ፤ ባለቤቴም የአበባ ሣጥኑን ተደግፎ በጎኑ ይሾልካል። ረቡዕ ዕለት ከመካከል ላይ እግሩ ከዳውና ሣጥኑ ጫፍ ላይ፣ አበባችሁ ውስጥ ተቀመጠ። ሦስታችንም እዚያው ቆየን። ባለቤቴ ስድሳ ሰባት ኪሎ የነበረ ሰው ሃምሳ አንድ ገብቷል፤ ያን ዕለት ግን ማንሣት አቃተን። እንደምንም ደግፈነው መኪናው ጋ ስንደርስ፣ የመኪናው መስታወት ላይ ሁለተኛው የቅጣት ወረቀት ተለጥፎ ነበር። የጀሚል አለቆች በበኩላቸው፣ መንገዱ እስኪከፈት ድረስ ወደኛ መኪና እንደማይልኩ በማግስቱ አስታወቁ። እነሱንም አልቀየምም፤ ጀሚልንማ እግዚአብሔር ይስጠው ከማለት ሌላ ምን እላለሁ።

ትናንት ዓርብ ወደ ስልክ መስመራችሁ ደውዬ አንዲት እጅግ ጨዋ ልጅ አነጋገረችኝ። አምቡላንስ ቁልፍ ስላለው ሥጋት አይግባዎት፣ ሁኔታው አስጊ ከሆነ ምሰሶው ወዲያው ይወርዳል አለችኝ። ደግሜ ጠየቅኋት፤ ደግማ አስረዳችኝ። ባለቤቴ ወደ ሕክምናው እንዲሄድ መንገድ አይከፈትለትም፤ ሕክምናው ቀርቶበት ሊሞት ሲል ግን ይከፈትለታል ማለት ነው። የሆስፒታሉ ነርስ እጥበቱ አንድ ቀን ሲቀር ያደክማል፣ ሁለተኛ ከቀረ ግን ውሃው ሳንባው ላይ ይወጣል ብላናለች። ሁለተኛው ሰኞ ነው።

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ወግ አጓድላለሁ። እፈራለሁ። ባለቤቴ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ ያንን ምሰሶ ያያል፤ እግሩ አብጧል፣ ጫማ አይገባለትም፤ ሲተነፍስ ከወጥ ቤት ይሰማኛል። በወጣትነቱ በፖለቲካ ታስሮ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ቆይቷል፤ ስለዚያ ጊዜ አውርቶ አያውቅም። ትናንት ማታ ግን «እዚያ ቢያንስ በሩ ላይ የሚለመን ዘበኛ ነበረ፣ ጠዋት ጠዋት ሲጠሩንም ስሜን አንድ ቀን አልተሳሳቱም» አለኝ። ተነሥቼ ዕቃ አጠብኩ። እኔም ከሱ ጋር ታስሬያለሁ፤ ጥዬው ገበያ እንኳ አልወጣም።

ስለዚህ የምለምነው ትንሽ ነገር ነው። መዝገባችሁ እንዲስተካከል አልጠይቅም፤ ጉድጓዱም ይቆይ፤ ከፈለጋችሁ እስከ ዕድሜዬ ፍጻሜ ከሁለት ባዕድ ወንዶች ጋር ልኑር። ሰኞ ጠዋት፣ በእናንተ አቆጣጠር ከሰባት ሰዓት እስከ ሰባት ሰዓት ከሩብ፣ አንድ ሰው መጥቶ ያን ምሰሶ ያውርድልን። ጀሚል መንገዱ ከተከፈተ እመጣለሁ ብሏል። የሚያወርደው ሰው ስማችንን መጠየቅ አያስፈልገውም።

እስከዚያው ድረስ ለሰፈራችን ደኅንነት ለምታደርጉት ጥበቃ፣ ለአበባዎቹም መልካም መዓዛ የተሰማኝን ጥልቅ ምስጋና እየገለጽኩ፣ ለእርስዎና ለተከበረው ኮሚቴ ረጅም ዕድሜ፣ ብርቱ ኩላሊትና በአንድ ቃል የሚጻፍ ስም እመኛለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ኂሩት ደግፌ
(የአቶ መድኅን ባዳ፣ የአቶ ዘውዴ ባዳ፣ የገብረ መድኅን ሚስት)

ግልባጭ፦
ለአቶ መድኅን
ለአቶ ዘውዴ
ፕላም ክሎዝ ቁጥር ፲፩

ከፊርማዬ በኋላ የምጨምረው፦ ይህን ፈርሜ ሳላሽግ ፖስተኛው የእናንተን ፖስታ አመጣ። የማጣራቱ ውጤት ደርሷልና ስለ ፍጥነታችሁ አመሰግናለሁ። በቤቱ የተመዘገቡት ወንዶች ከአንድ በላይ ስለሆኑ አንደኛው እንዲሰረዝ ፎርም እንድሞላ አዛችሁኛል። ፎርሙ ላይ ሁለት ሣጥን ብቻ አለ፦ «ቤቱን ለቋል» እና «ሞቷል»። ባለቤቴ መነጽሩን አድርጎ አነበበውና፣ «አንደኛውን ሞቷል በይና ላኪላቸው፣ ሌላው ይታከማል» ብሎ ሳቀ፤ ሲስቅ ትንፋሽ አጥሮት ብዙ ቆየ። ፎርሙን ባዶውን ከዚህ ጋር አያይዤ መልሻለሁ። የሞት ማስረጃ ሲገኝ ይቅረብ ብላችኋል፤ ሰኞ ምሰሶው ካልወረደ ማስረጃው የሚዘገይ አይመስለኝም። ያን ቀን ሁለቱንም ስም ባንድ ጊዜ ልትሰርዙ ትችላላችሁ። እናንተ ሁለት አድርጋችሁ መዝግባችሁታል፤ እኔ ያለኝ አንድ ነው።