ዝናብ ነው አሉ

ውድ አፒዮ፣

ሆስፒታሉን የከሰስንበት ሸንጎ ውሳኔውን ሰጠ። ማማ መቃብርሽ ላይ ቆማ ልትነግርሽ ሞክራ ድምፅዋ እምቢ ስላላት ለኔ ተወችው። እኔ ደግሞ በአፌ ከማወራ መጻፍ ይቀለኛል፤ ታውቂኛለሽ።

አንቺ የማታውቂው ብዙ ነገር አለ። ልጅሽን ከወለድሽ በኋላ ደሙ አልቆም ሲል፣ ነርሷ አዴሮ «እዚህ አንችለውም፤ ኪሱሙ ትልቁ ሆስፒታል መሄድ አለባት» ስትል ሰምተሻል። ቀና ብለሽ አይተሽኝ፣ «ያሰጣሁትን ኦሜና ማን ያነሳልኛል?» አልሽኝ። አንቺን ያሳሰበሽ ዓሣሽ ነበር።

ያልሰማሽው ከዚያ ወዲያ ያለውን ነው። አምቡላንሱ ግቢው ውስጥ ቆሞ ነበር። ሹፌሩም ነበር። የታጣው የሐኪሙ ፊርማ ነው። ሐኪሙ ዘመዱን ሊድር ሄዶ ስልክ አያነሳም። «እባክሽ እህቴ፣ ፊርማው ኋላ ይደርሳል» ብዬ ስለምናት፣ አዴሮ ዓይኗን አሸሸችብኝ።

«ያለ ፊርማ ባስነሳው ያባርሩኛል። እኔም ልጆች አሉኝ» አለች።

ማማ እግሯ ላይ ወደቀች። ምንም አልተለወጠም። ሐኪሙ መጥቶ ሲፈርም ፀሐይዋ ወደ ሐይቁ ወርዳ ነበር። መኪናው ከግቢ እንደወጣ ዝናቡ ጀመረ፤ ድልድዩ ጋ ስንደርስ ጭቃው ያዘን። ባልሽ ኦጎላ አንቺን ታቅፎ ውስጥ ቀረ፣ እኛ ወርደን ገፋን። ብዙ ከገፋን በኋላ በሩን ከፍቶ፣ «ተዉት፤ አትግፉ» አለን።

ከቀብርሽ በኋላ ማማ አቤት እላለሁ ስትል የተቃወማትም እሱ ነው።

«ማማ፣ ሌላ ሆስፒታል የለንም። ነገ ይቺን ሕፃን ሲያተኩሳት የት ልንወስዳት ነው? ከነሱ ተቀያይመን?»

«ልጄን የቀበርኩ እኔ፣ የሚቀየሙት እነሱ?» አለችው።

አቤቱታው ላይ ግን አብሯት አልፈረመም። አልዋሽሽም፣ ያን ሰሞን ፊቱን ማየት አስጠልቶኝ ነበር።

ጉዳዩ የታየው በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ነው። ሰብሳቢው ከከተማ የመጡ ጨዋ ሰው ናቸው። ሐኪሙ፣ «በጣም እናዝናለን» ብሎ ጀመረ። «ግን የዚያን ቀን ዝናብ መንገዱን ዘግቶት ነበር። ከዝናብ ጋር ማን ይሟገታል?»

ማማ ተነሳች። «ጌታዬ፣ የልጅ ልጄን ስም ያውቃሉ?»

«አላውቅም፣ እናቴ።»

«አቼንግ ነው።»

አዳራሹ ተጉረመረመ። በዝናብ የተወለደችውን አኮት፣ በቀትር ፀሐይ የተወለደችውን አቼንግ እንደምንል ሰብሳቢውም አያጡትም።

«ዝናብ ከነበረ ምነው አኮት ሳንላት ቀረን?» አለች ማማ።

ሐኪሙ ፈገግ አለ። «ስም ደግሞ ማስረጃ ሆነ? ሰው ለልጁ ደስ ያለውን ያወጣል።»

ይሄኔ ከኋላ ኦጎላ ብድግ አለ። መምጣቱንም አላየንም ነበር።

«ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ተወለደች ሲሉኝ ውጪ ቆሜ ፀሐይዋ አናቴን ትበሳው ነበር። ሹፌሩ ማንጎው ሥር ተኝቶ ነበር፤ እኔ ነኝ የቀሰቀስኩት። ‹እኔ ዝግጁ ነኝ፣ ወረቀቱን አምጣ› አለኝ። ሚስቴን ዝናብ አልገደላትም። ዝናቡ የመጣው እናንተ ከጨረሳችኋት በኋላ ነው።»

ተቀምጦ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

ውሳኔው ግን፣ «በከባድ ዝናብ ምክንያት የተፈጠረ መዘግየት» ይላል። ሐኪሙም ሐሜቱ እንዳይበዛበት ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረ። አንቺን ከአንድ ሆስፒታል ወደ ሌላው ማድረስ ያቃታቸው ሰዎች እሱን ለማዛወር ጊዜ አልፈጀባቸውም።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ገበያ ውስጥ አጠገብሽ የምትሸጠው አኩሙ ወለደች። እንዳንቺው ደሟ አልቆም አለ። አዲሱም ሐኪም በቦታው አልነበረም። አዴሮ ማንንም ሳትጠይቅ አምቡላንሱ ውስጥ አስገብታት አብራት ሄደች። አኩሙ ተረፈች፤ አዴሮ ከሥራ ታገደች። ምን ነካሽ ብለው ሲጠይቋት፣ «ያቺን እናት አዳራሹ ውስጥ አይቻታለሁ» ብላ መለሰች አሉ።

ትናንት የአኩሙ እናት ዶሮ ይዛ ወደ ማማ መጣች። «ልጄን የመለስሽልኝ አንቺ ነሽ» አለቻት። ማማ ዶሮዋን ተቀበለች፣ መረቀቻት፣ እስከ አጥሩ ሸኘቻት። ሴትዮዋ ከዓይን ስትሰወር፣ ዶሮዋን እንዳቀፈች ቆማ፣ «የኔንስ ማን ይመልስልኝ?» አለች።

ሰኞ ይግባኝ ልንል ኪሱሙ እንሄዳለን። ማማ ለአዴሮም እመሰክራለሁ ብላለች። ኦጎላ ከኔ ቀድሞ ፈርሟል። አቼንግ ከልጄ ጋር ጡቴን ትጋራለች፤ አድጋለች። ደክሞናል፣ አፒዮ፤ ግን አንተወውም።

ካንቺ ቀጥላ የተወለደችው፣
አዶንጎ