ዓሣ የተበለተበት በር

ለማቴዎስ፣ ለልጆቼ አባት፤

ተለይተኸን ከሄድክ ሦስተኛው ክረምት አለፈ። መጀመሪያ የምትጠይቀኝን ስለማውቅ ከሱ ልጀምርልህ፤ ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ ደህና ናቸው። የዓይናቸውን ሞራ ተገፍፈው ይኸው መርፌ ላይ ክር ያስገባሉ። የልጃቸው ሚስትም ወንድ ወልዳለች። "አፍንጫው የአያቱ ነው፣ አሁን አጥርቼ አየሁት፣ ምስኪን!" እያሉ ይስቃሉ።

ዛሬ የሚያስጽፈኝን፣ ያንገሸገሸኝን ነገር ያዩልኝም እሳቸው ናቸው። ዓይናቸው በተከፈተ ሰሞን ሐይቁን ልይ ብለው አሞራ ገደል፣ ዓሣ ገበያው ድረስ ወርደው ነበር። ሲመለሱ ቤታቸው እንኳ ሳይገቡ በቀጥታ እኔ ዘንድ መጡ። "አስቴርዬ፣ ማቴዎስ ግቢያችን ውስጥ ቁጭ ብሎ የሠራው የዋንዛ በር ላይ ዓሣ እየበለቱበት ነው" አሉኝ። ተሳስተው ነው ብዬ ነበር። ምን ዋጋ አለው፣ አልተሳሳቱም።

የዚያን በር ነገር አንተ ታውቀዋለህ፤ ግን ልጻፈው፣ የሚያስታውሰው ሰው እየጠፋ ነው። ያን ጊዜ ሜቶዲስት ነን ስንል ሰው "ምንድነው እሱ፣ የመድኃኒት ስም ነው?" ይለን ነበር። የምንሰበሰበው ሐይቁ ዳር፣ ዓሣ አጥማጆች መረብ ያስቀምጡባት በነበረች የጭቃ ቤት ነው። ስንጸልይም ስንዘምርም ዓሣ ይሸተን ነበር። መዝጊያ ስላልነበራት ስብከት መሀል ፍየል ዘው ይል ነበር፤ እኔ በሳቅ ስፈርስ አንተ በዓይንህ ትቆጣኝ ነበር። በመጨረሻ ዋንዛ ፈልገህ በሩን ሠራህ።

በየዓመቱ መባቻ ኪዳናችንን ስናድስ እያንዳንዱ ሰው እጁን በሩ ላይ ያሳርፍና "ጌታ ሆይ፣ ዘንድሮም ያንተ ነኝ" ብሎ ይገባ ነበር። ባህል አዳራሽ አካባቢ የብሎኬት ቤት ስንሠራም በሩን ጥለን አልሄድንም። ወንዶቹ ተሸክመውት፣ እኛ እየዘመርን፣ በእግራችን ወስደን አዲሱ ቤት ላይ አስገጠምነው። እጅ የሚያርፍበት ቦታ ከመነካት ብዛት ለስልሶ የሕፃን ጉንጭ መስሎ ነበር።

አሁን የብሎኬቱ ቤት ፈርሶ በቦታው መስታወትና ሴራሚክ የለበሰ ሕንፃ ቆሟል። ብታየው ባንክ ይመስልሃል። የግንባታ ኮሚቴው ሰብሳቢ ወንድም ጌታሁን "በሩን በክብር አስቀምጠነዋል" ሲለን ከረመ። ለካ ከፍርስራሹ ጋር ገልባጭ መኪና ላይ አስጭኖ አስወጥቶታል!

ከእትዬ ዘይነባ ጋር ወረድኩ። በሩ ድንጋይ ላይ ተጋድሞ ደም፣ ቅርፊትና አንጀት ተለጥፎበታል፤ ዝንቡ አያድርስ ነው። አንድ አባ ኮዳ፣ ያ መላጣው አሞራ፣ አጠገቡ ቆሞ ፍርፋሪ ይጠብቃል። ቢላዋው የሚጫረው ደግሞ ልክ እጃችንን እናሳርፍበት የነበረው ቦታ ላይ ነው። ዓሣ የሚበልተው ልጅ ግን ምን ያድርግ፤ ነገሩን ስነግረው ደነገጠ። "እናቴ፣ የጸሎት ቤት በር መሆኑን ባውቅ ቢላዋ አሳርፍበታለሁ?" አለኝ። የጓሮውን ጠረጴዛችንን በምትኩ ወሰደልኝ። እንዳትቆጣ።

በአመድ ፈተግኩት፣ በሎሚ አሸሁት፣ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። ከአዲሱ ሕንፃ ምረቃ በፊት አድርሼ ይገጠማል ብዬ በጋሪ አስጭኜ ወሰድኩት። ጌታሁን ገና ከሩቅ ሲያየው መሐረቡን አውጥቶ አፍንጫውን ያዘ። "እህት አስቴር፣ እንግዶች ይመጡብናል፣ ይሄ ይሸታል እኮ! ለጊዜው ሽንት ቤቱ ጀርባ ይቀመጥ" አለኝ። የዓሣው አንጀት እንደሱ አላቅለሸለሸኝም። ጋሪውን አስመለስኩት።

ምረቃው ላይ እሱው ራሱ የቤተ ክርስቲያኗን ታሪክ በማይክ አነበበ። "ከምንም ተነስተን" ብሎ ጀመረ። ምንም! ጭቃውን በእግራችን ያቦካነው እኛ፣ በሩን የሠራኸው አንተ፣ ምንም ሆንን። እልልታው ሲቀልጥ እኔ ነጠላዬን ሰብስቤ ወጣሁ።

በሩን ቤታችን ላይ አስገጠምኩት። የድሮውን ቆርቆሮ ነቅዬ ጣልኩት። አሁን እኔን ሊጠይቅ የመጣ ሁሉ እጁን ሳያሳርፍበት አይገባም። ለዓመቱ መባቻም ኪዳኔን የማድሰው እዚሁ ነው፤ ላንተም ጭምር እጄን አሳርፋለሁ። በሕይወት እስካለሁ ድረስ ማን እንደሠራውና ከየት እንደመጣን ለሚገባ ለሚወጣው እናገራለሁ፤ ይሄን ቃል ይዘህልኝ ተኛ።

ባለፈው እሑድ ከአምልኮ በኋላ አቶ ዳንጊሶ፣ እኚያ መረብ ቤቱን የለቀቁልን ሽማግሌ፣ በልጃቸው ተደግፈው መጡ። በሩን አሸተቱትና "አሁን ገና ቤተ ክርስቲያን ሸተተኝ" አሉ። ትናንት ደግሞ ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? ጌታሁን! በሩ ቫርኒሽ ተቀብቶ ቢሮው ኮሪደር ላይ በመስታወት ውስጥ ይቀመጥ ተብሎ ተወስኗልና ስጪን ነው የሚለው። "በር ነው፣ በር አድርጋችሁ ከገጠማችሁት ዛሬውኑ ውሰዱት፤ ሰው የማይነካው ከሆነ ግን አልሰጥም" አልኩት። ሲወጣ በሩ ተዘግቶ ነበር፤ እጁን ኪሱ ከቶ በክርኑ ገፋው።

እትዬ ዘይነባ ደጃቸው ላይ ሆነው ሁሉን አይተዋል። "አስቴርዬ፣ የኔን ሐኪም ጠቁሚው፤ የሱ ሞራ ከኔም ይብሳል" አሉኝ።